ለልጅ ደሞዝ አይከፈልም

የሰማሁት ጠዋት ነው፣ ግቢያችን ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ ፊቴን ስታጠብ። ያሳደገኝ የአጎቴ የሐጂ ጀማሉዲን መኝታ ቤት መስኮት ልክ ከቧንቧው በላይ ነው፤ የሰፈራችን የሆጤ ውሃ ደግሞ በመጣ ቀንም እንደ ክር ቀጥኖ ስለሚወርድ ድምፅ የለውም። ሐጂ ሚስቱን፣ «ለልጅ ደሞዝ አይከፈልም ሰዒዳ፣ የት አገር ነው የተከፈለው?» ይላታል። «ዛሬ ከዙህር ሰላት በኋላ ዱዓ አስደርጋለሁ። ሼህ ዑዘይርን ነግሬያቸዋለሁ፤ አባቷም ከገጠር እየመጣ ነው። ‹አላህ በዚህ ቤት ያጽናሽ› ብለው ይመርቋታል፣ እሷም አሚን ትላለች። አሚን ካለች ወዲያ ኮምቦልቻ የሚባል ነገር የለም።» እቴቴ ሰዒዳ አንድ ነገር ትለዋለች ብዬ፣ ሳሙናው ዓይኔን እያቃጠለኝ ጠበቅኩ። «እሺ» አለችው። በቃ፣ እሺ። ከዚያ ወሬው ወደ ዘይት ዞረ፤ ጀሪካኑ ማለቁን፣ ሊትሩ ደግሞ ስንት እንደገባ።

ደሜ ፈላ። ወላሂ ጆጉን አንስቼ በመስኮቱ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ሰውየው እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ «አብሽሪ ኢንሻራህ፣ ተያዥሽ እኔ ነኝ፣ ነገ አብሬሽ ወርጄ እፈርማለሁ» ሲለኝ የከረመ ነው። ነገ፣ ነገ እያለ ቀኑን በላው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የመጋዘን ድርጅት የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ ማሽን፣ ኦፕሬተር አድርጎ ሊቀጥረኝ ፈተናውን አልፌያለሁ፣ የጤና ምርመራውን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ተያዥ ብቻ ነበር። የሰው ንብረት ስለማነሳ፣ ብሰብር ወይም ብጠፋ «እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ የሚፈርም፣ ንግድ ፈቃድ ያለው ወይም ቋሚ ደሞዝተኛ የሆነ ሰው በአካል መቅረብ አለበት። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል። ካለፈ ሥራው ከእኔ ቀጥሎ ለወጣው ልጅ ይሰጣል። ሐጂ ይህን ሁሉ ከእኔ እኩል ያውቃል። ዱዓውን ለዛሬ ያደረገውም ስለሚያውቅ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ ይህን ስናገር ግን አንቱታው አልወጣ አለኝ፣ ይቅር በሉኝ።

የእኛን አገር ዱዓ የማያውቅ ሰው «አሚን ብትይስ ምን ትሆኛለሽ?» ሊለኝ ይችላል። አሃ! እዚህ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅሽ አሚን ካልሽ ቃል ገባሽ ማለት ነው። እዚህ ጠብ የሚበርደው በአሚን ነው፣ እጮኛ የሚታሰረው በአሚን ነው፣ የድንበር ክርክር የሚዘጋው በአሚን ነው። አሚን ብሎ ቃሉን ያጠፈን ሰው ማንም አይከሰውም፤ ይሸሸዋል እንጂ። ልጁ ቢታመም፣ ከብቱ ቢሞት፣ መኪናው ቢገለበጥ «ያኔ አሚን ብሎ አልነበር?» ይባላል። እኔም አፌን ሞልቼ አልፈራም ብል ውሸቴን ነው፣ እፈራለሁ። ሐጂ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ውል ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ቴምብር ይፈልጋል፣ አሚን ግን በነጻ ነው።

ሱቁ ፒያሳ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ። አባቴ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ከደሴ ዙሪያ አምጥቶ ለታላቅ ወንድሙ ለሐጂ «አስተምርልኝ» ብሎ ሲሰጠኝ፣ ሐጂ «ከዛሬ ጀምሮ አጎቴ እንዳትዪኝ፣ አባዬ በይኝ» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ ማታ ተምሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ እሱን አልክድም። ቀን ቀን ግን ሱቁን የምከፍት እኔ፣ የምጠርግ እኔ፣ ጣቃውን ከመጋዘን ተሸክሜ የምወጣ እኔ፣ የምለካ፣ የምቆርጥ፣ ከደንበኛ ጋር የምጨቃጨቅ እኔ። ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ልብስ በዒድ ይገዛልኛል፤ ለሞዴስና ለስልክ ካርድ እቴቴ ሰዒዳ ከአስቤዛው ቀንሳ በእጄ ታስጨብጠኛለች። አንዴ፣ አምና ነው፣ «አባዬ፣ ትንሽም ቢሆን በወር የሆነ ነገር ቢቆርጡልኝ» ብዬው ነበር። አልተቆጣም እኮ፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ምሳውን ሳይነካ ተነሳ፤ ማታ ለእቴቴ «ልጄ ደሞዝ ጠየቀችኝ» እያለ እንባው መጣ አሉ። ለሳምንት ያህል ሰላምታዬን በግማሽ እየመለሰ ይቅርታ አስጠየቀኝ። እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እኔ!

ተውፊቅ የሚባለው የራሱ ልጅ ደግሞ አለላችሁ። ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ስልኩን ቻርጅ ይሰካል፣ ወንበሯን ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። በየወሩ መጀመሪያ ስምንት ሺህ ብር ይሰጠዋል። ለምን ሲባል «ወንድ ነው፣ ወጪ አለበት» ነው መልሱ። ክፉ ልጅ አይደለም ተውፊቅ፤ አንዳንዴ ሻይ ይጋብዘኛል።

ጠዋትም እንደ ወትሮው ሱቁን ከፈትኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ለልጇ ሠርግ የመጣች ሴት ከሐር የማይለየውን ሜትሩ አራት መቶ ሰማንያ የሚሸጠውን ጨርቅ አራት መቶ ካልሆነ አለችኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጣቃ በጣቃ ላይ አስወረደችኝ። በመጨረሻ በአራት መቶ ሃምሳ ተስማማንና ሃያ ሁለት ሜትር ቆረጥኩላት። ሐጂ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና ደንበኛዋ ስትወጣ «በረካ ነሽ» አለኝ። ይህን ሲለኝ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት በሽር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ኧረ ሐጂ፣ እንደዚች ያለች ሠራተኛ ስንት ብከፍል አገኛለሁ? ሰባት ሺህ እየከፈልኩ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይጠፉብኛል» አለው። ሐጂ እጁን ሂጃቤ ላይ ጭኖ «ይቺ ሠራተኛ መሰለችህ? ልጄ ናት! ልጅ በብር አይገኝም» አለና ሳቀ። በሽር «ማሻአላህ» ብሎ ሄደ። እኔ መቀሱ በእጄ ነበር። መቀሱን ቀስ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ፎርክሊፍት መንዳቱን ከየት አመጣሽው ለሚለኝ፣ እናቴ የሰጠችኝን የጆሮ ወርቅ ሸጬ ነው ያመጣሁት። መጀመሪያ የመኪና መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስል ሐጂ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለ፤ ለካ የሱቁን ፒካፕ የሚነዳለት ሰው በነጻ ማግኘቱ ነው። አገኘም፤ ከኮምቦልቻ ዕቃ የማመጣው እኔ ሆንኩ። እዚያ ነው ፎርክሊፍት ያየሁት። አምስት ወዛደር ተጋግዞ የማያነሳውን አንዱ ልጅ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ ያነሳዋል። ስንት ይከፍሉሃል አልኩት። «አሥራ ስድስት ሺህ፣ ከትርፍ ሰዓት ጋር ደግሞ ከዚያም በላይ» አለኝ። ያን ቀን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ የወጣሁት ጊርም ሳላስታውስ ነው። ከዚያ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላና እሁድ እሁድ ማሽነሪ ማሠልጠኛ ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን አሠልጣኙ «ምዝገባው ለወንድምሽ ነው እህቴ?» አለኝ። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ነው፤ መኪና የለመደ ሰው መጀመሪያ የማሽኑን ጀርባ ከግድግዳ ያጋጫል፣ እኔም አጋጭቻለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ረጅም ጣቃ ትከሻዬ ላይ ይዤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ዓይን ሳልወጋ ስዞር ነው የኖርኩት፤ ሲገባኝ ቶሎ ገባኝ። በፈተናው ቀን መጋዘን ውስጥ ያሉት ወንዶች ሥራቸውን አቁመው ሊስቁ ተሰብስበው ነበር። ዕቃ የተጫነበትን ፓሌት ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። አልሳቁም፣ ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። የመነሻ ደሞዝ አሥራ አራት ሺህ አሉኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ከድርጅቱ ስልክ ተደወለልኝ። ምንተስኖት ይባላል፣ የቅጥር ክፍሉ ሠራተኛ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። «ኢንሻራህ፣ ተያዥሽን እየጠበቅን ነው። ዛሬ ካለፈ ከእኔ እጅ ይወጣል፣ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። ማን ይዤ እንደምመጣ ግን አላውቅም። የማውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩት። ነጋዴው ሁሉ የሐጂ ወዳጅ ነው፤ መምህሮቼ አገር ለቀዋል፤ አብረውኝ የተማሩት ሴቶች እንደ እኔው የሰው ቤት ልጆች ናቸው። ሐጂ የሱቁን በር አስዘግቶ «ነይ፣ ቤት ሰው አለ» አለኝና ከኋላው ተከትዬው ሄድኩ።

አባቴ ደርሷል። አንድ ጆንያ ድንችና ካሮት ይዞ መጥቶ ሳሎኑ በር ሥር፣ የፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ወንድሙ ቤት ሲመጣ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጉልበቱን ስሜ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለምን እንደተጠሩ ያውቃሉ ወይ አልኩት። «ምርቃት አለ አለኝ ወንድሜ። ምርቃት ምን ክፋት አለው?» አለኝ። ሥራ ማግኘቴን በስልክ ነግሬዎት አልነበረም ወይ አልኩት። ነግሬዋለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎም ነበር። አሁን ግን ጥፍሩ ሥር ያለውን አፈር በሌላው ጥፍሩ ይጭራል። ከዚያ «የዘንድሮን ማዳበሪያ ሐጂ ነው የከፈለልኝ» አለ። «አንዱ በሬም የሱ ነው።» አልፈርድበትም ልል ፈልጌ ነበር፣ ግን ፈረድኩበት። በበሬ ተለወጥኩ እንዴ አልኩ በልቤ።

ሳሎኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ትልቁ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የሠርግ ዕለት ብቻ የሚወጣው። ቴሌቪዥኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፣ ጫቱ በየሰው ፊት ተበትኗል፣ እስሩ ዘንድሮ ስንት እንደገባ ሲወራ ቆየ። ሼህ ዑዘይር ግድግዳውን ተደግፈው በመሐል ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ጥሩ ሰው ናቸው፤ በልጅነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ሌሊቱን ቁርዓን ቀርተውልኛል። ሐጂ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ «ልጅቷ ልቧ ተነሥቶብኛል፣ አረጋጉልኝ» ብሏቸው ይሆናል። እኔን ከበሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ዱዓው ተጀመረ። ታማሚውን ማርልን፣ አሚን! ዝናቡን በልኩ አድርግልን፣ አሚን! አገሩን ሰላም አድርግልን፣ አሚን! ኑሮውን አርግብልን ሲሉ ቤቱ ተናጋ፣ እኔም ጮኼ አሚን አልኩ። ከዚያ ሼህ ዑዘይር ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ያ ረቢ፣ ኢንሻራህን በዚህ ቤት አጽናት። ያሳደጋትን ሰው ሐቅ የማትረሳ አድርጋት። እግሯን ከሰው ደጅ ያዝላት።»

«አሚን!» አለ ቤቱ። አባቴ አሚን አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ተውፊቅ አሚን አለ፣ ስልኩን እያየ። እኔ አፌን ዘጋሁ። እጄ ተዘርግቶ ነበር፣ ሰበሰብኩት። ሼህ ዑዘይር ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙት፤ ደግመው ሲሉ የቤቱ አሚን ቀነሰ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯልና። አባቴ በሁለተኛው አሚን አላለም፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተው። ሐጂ ሊስቅ ሞከረ። «አሚን በይ እንጂ ልጄ፣ ትልቅ ሰው እየመረቀሽ።»

«አልልም» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅም። «ሼሁ ይማሩኝ፣ እርስዎን መድፈሬ አይደለም። ምርቃትዎን እፈልገዋለሁ። እኔ ግን ዛሬ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የምደርስበት ሥራ አለኝ፤ አባዬ ተያዥ እሆንሻለሁ ብለው ሁለት ሳምንት ሲያመላልሱኝ ቆይተው በዱዓ ሊያስሩኝ ነው። ጠዋት ሰምቻቸዋለሁ።»

ሐጂ ፊቱ ቀላ። «የበላሽው፣ የለበስሽው፣ የተማርሽው ይቆጠር?» አለ። «ልጄ ብዬ አሳድጌሽ! የት አገር ነው ልጅ የአባቷን ሱቅ ደሞዝ ክፈለኝ የምትለው?» ይህን ቃል ባይደግመው ምናልባት ዝም እል ነበር። «እሺ፣ ለልጅ ደሞዝ አይከፈልም» አልኩት። «ታዲያ ተውፊቅ የማን ልጅ ነው?»

ተውፊቅ ቀና አለ። አንድ ሽማግሌ ሳል አነቀው፤ ሳሉ ይሁን ሳቅ አላወቅኩም። ሐጂ ደግሞ ሲረታ ክፉ ሰው ነው። «ሂጂ እንግዲህ» አለኝ። «እኔ አልፈርምም። ደሴ ውስጥ ደግሞ እኔን አልፎ የሚፈርምልሽ ነጋዴ ካለ አያለሁ። ከዚህ በር ከወጣሽ ግን ተመልሰሽ እንዳትመጪ።» ሼህ ዑዘይር ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ፣ በግድ የተባለ አሚን አሚን አይደለም። ይህን ብትነግረኝ ኖሮ አልመጣም ነበር» አሉና «ፋቲሓ በሉ» ብለው ዱዓውን ዘጉት። ያ ብቻ ነው ያደረጉልኝ፤ ያም ትንሽ አይደለም። ግን ዱዓው ቢዘጋም ተያዥ የለኝም። ሰዓቱ ከስምንት አልፏል።

እቴቴ ሰዒዳ የምሳውን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ትሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እኔ እፈርምላታለሁ» አለች።

ሐጂ ከልቡ ሳቀ። «አንቺ? በምንሽ?»

«የጎኑ ሱቅ በስሜ አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግብሩ ሲበዛበት ሐጂ ሱቁን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈለውና ግማሹን በሚስቱ ስም ንግድ ፈቃድ አወጣበት። እሱ ብቻ አይደለም፣ የፒያሳ ነጋዴ ግማሹ እንደዚያው ነው። ሴትዮዋን አንድ ቀን ወስደው ያስፈርሟታል፣ ፎቶ ያስነሷታል፣ ወደ ወጥ ቤቷ ይመልሷታል። ስሙ የሚስታቸው እንደሆነ፣ ሚስትየዋም በስሟ አንድ ነገር ልታደርግበት እንደምትችል ከእነዚህ ሁሉ ባሎች አንዱም አስቦት አያውቅም። ሐጂ ተነስቶ እንዳይከተላት ሽማግሌዎቹ ፊት ምሳ ቀርቧል፤ እንግዳ ጥሎ መነሳት ነውር ነው። እሷ ጥቁር ዓባያዋን ደርባ ስትወጣ «ልብስሽን ያዢ» አለችኝ። አባቴ ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ስሜው ስወጣ እጄን ለቀም አድርጎ ያዘኝና ለቀቀኝ።

ሱቁን እኔ ከፈትኩላት። በርጩማ ላይ ወጥታ ንግድ ፈቃዱን ከነፍሬሙ ከምስማሩ ራሷ አወረደችው፤ አቧራውን በክርኗ ጠረገችና የራሷን ፎቶ ትንሽ አየችው። ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ ለኮምቦልቻ ለአንድ ሰው መቶ ብር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ረዳቱ ሲጮህ ሰዓቱ እየነጎደ ነበር፤ ሁለት ባዶ ወንበር ቀርቶ አልነሳ ሲል እቴቴ ከጉያዋ ብር አውጥታ የሁለቱንም ከፈለች። ሐረጎን ስንወርድ ሙቀቱ ከታች መጣ፣ ሰው መስኮት መክፈት ጀመረ። እቴቴ ፍሬሙን ጭኗ ላይ ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። እሷና እኔ በአንድ ቤት ይህን ሁሉ ዘመን ኖረን ስለ ሽንኩርትና ስለ ዘይት እንጂ ስለ ሌላ ነገር ተጨዋውተን አናውቅም። ጠዋት ለምን እሺ አልሽው ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እሷም ልትነግረኝ የፈለገች አትመስልም። እኔ ከመምጣቴ በፊት ያን ሱቅ የምትከፍትና የምትዘጋ እሷ እንደነበረች ግን አውቃለሁ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ «ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» አለችኝ።

«አሥራ አራት ሺህ።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

ፍሬሙን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «በእጅሽ ነው የሚሰጡሽ?» ኧረ በባንክ ነው፣ በስሜ ደብተር ይከፈትልኛል አልኳት። «በስምሽ» አለች።

ቢሮው ውስጥ ቬንትሌተር ይዞራል፣ የማይቀዘቅዝ አየር ይገፋል። አሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ምንተስኖት ሲያየን «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ክርስቲያን ነው ግን ወሎዬ ነው። ለእቴቴ ወንበር ሳበላት፣ ንግድ ፈቃዱን ከፍሬሙ አውጥቶ ኮፒ አደረገው፣ መታወቂያዋን ከፎቶው ጋር አስተያየ። «እርስዎ ነዎት ወይዘሮ ሰዒዳ፣ እሺ። የጨርቃ ጨርቅ ንግድ። የታደሰ ነው፣ ጥሩ።» እስክሪብቶውን አነሳ። «ለእሷ ምኗ ነዎት?»

እኔ አፌን ከፈትኩ፣ እናቴ ናት ልል። እንደዚያ ነው የለመድነው፤ ጤና ጣቢያም፣ ትምህርት ቤትም፣ ቀበሌም የጠየቀን ሁሉ ያንን ነው የሚሰማው። እቴቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«አሠሪዋ ነኝ» አለች። «እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ነው የሠራችው።»

«እንዴ፣ ይሄማ በጣም ጥሩ ነው!» አለ ምንተስኖት። «የሥራ ልምድ ይያዝላታል፣ እርከኗ ላይ ይጠቅማታል። ለስንት ጊዜ ሠራች?»

«አሥራ ሦስት ዓመት።»

ጻፈ። «የወር ደሞዟ?»

ቬንትሌተሩ ይዞራል። እኔ ቀኑን ሙሉ ያልመጣብኝ እንባ ያኔ መጣ፤ የሐዘን አይደለም፣ የንዴት ነው፣ ወላሂ የንዴት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ልጄ፣ ልጄ ሲሉኝ ማንም ሠራተኛ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እቴቴ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ልጁን ፊት ለፊት እያየች «አልከፈልናትም» አለች።

ምንተስኖት ያልገባት መስሎት ፈገግ አለ። «ማለቴ እናቴ፣ በየወሩ በእጇ የሚሰጧት ስንት...»

«ገብቶኛል ልጄ። አልከፈልናትም።» እሱ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳና ወደሚቀጥለው መስመር ሊያልፍ ሲል በጣቷ ቦታውን ነካችለት። «ባዶ እንዳትተወው። ዜሮ ብለህ ጻፍ፤ እኔ ከሥሩ እፈርማለሁ።»